ሲበላሽ ወዴት ይወድቃል? ስለ ሰርኪት መከላከያና ስለ መሣሪያ ደህንነት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህን ጥያቄዎች በብዛት የሚያነሱልኝ በእጃቸው አንድ ነገር የሚሠሩ ልጆች ናቸው። አንዱ የጫጩት መፈልፈያ ይሠራል። ሌላው የሮቶ ፓምፕ መቆጣጠሪያ። ሌላዋ ከአሮጌ ላፕቶፕ ባትሪ ፓወር ባንክ ትገጣጥማለች። ሁሉም «ይሠራል ወይ?» ብለው ይጀምራሉ። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ሌላ ነው። ይሄ ነገር ሲበላሽ ምን ይሆናል? ዝም ብሎ ይጠፋል? ወይስ ቤት ያቃጥላል? የማይበላሽ ዕቃ የለም። ከታች ያሉት መልሶች በ220 ቮልት፣ በ50 ኸርዝ መስመር ላይ ለሚሠሩ ሰዎች የተጻፉ ናቸው።

ፊውዝ ካስገባሁ መሣሪያዬ አይቃጠልም ማለት ነው?

አይደለም። ትራንዚስተር ወይም አይሲ (ቺፕ) ለመቃጠል ከአንድ ሚሊሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይበቃዋል። ፊውዝ ደግሞ ውስጡ ያለው ቀጭን ሽቦ ግሎ እስኪቀልጥ ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚሄደው ትራንዚስተሩ ነው።

ታዲያ ፊውዝ ለምን ይገባል? ከዚያ በኋላ ለሚመጣው። የተቃጠለ ትራንዚስተር ብዙ ጊዜ ሾርት ይሆናል። ያኔ ከመስመሩ የሚገባው ከረንት ሽቦውን ያግለዋል። የሽቦው ፕላስቲክ ይቀልጣል። ቀጥሎ ያለው መጋረጃው ወይም ፍራሹ ነው። ፊውዝ የሚጠብቀው ይህንን ነው፤ ዕቃውን ሳይሆን ቤቱን።

እሺ፣ ስንት አምፔር ላስገባ?

በምሳሌ እንየው። 200 ዋት የሚፈጁ የክር አምፖሎች ያሉት መፈልፈያ አላችሁ እንበል። 200ን ለ220 ብታካፍሉ 0.9 አምፔር ገደማ ይመጣል። እኔ 1.6 አምፔር ዝግተኛ ፊውዝ አስገባለሁ። ዝግተኛ ያልኩት በምክንያት ነው። የክር አምፖል ሲቀዘቅዝ የሚስበው ከረንት ሲሞቅ ከሚስበው አሥር እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ፈጣን ፊውዝ ካስገባችሁ ማብሪያውን በነካችሁ ቁጥር ይበጠሳል። ዝግተኛው ክዳኑ ላይ በላቲን ፊደል «ቲ» ተጽፎበታል። ፈጣኑ «ኤፍ» ነው።

ፊውዝ በላዩ በተጻፈው ቁጥር ላይ ወዲያው አይበጠስም። በዓለም አቀፉ አይኢሲ 60127 ደረጃ የተሠሩት አብዛኞቹ ፊውዞች የተጻፈባቸውን 1.5 እጥፍ ተሸክመው ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆያሉ። በአሜሪካ ደረጃ የተሠራው ደግሞ በ1.35 እጥፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ መበጠስ አለበት። ስለዚህ ሽቦውንና የቦርዱን መስመር የምትመርጡት የፊውዙን ቁጥር ተሸክሞ ትርፍ እንዲኖረው አድርጋችሁ ነው። ሽቦው ከፊውዙ ቀድሞ ከጋለ ፊውዙ ጌጥ ነው።

መስታወቱና ሴራሚኩም አንድ አይደሉም። ትንሹ የመስታወት ፊውዝ በደህና ሊያቋርጠው የሚችለው ከረንት 35 አምፔር ወይም የራሱ ቁጥር አሥር እጥፍ ነው፤ ከሁለቱ የሚበልጠው። በነጭ ሴራሚክ የተሠራውና ውስጡ አሸዋ ያለው እስከ 1500 አምፔር ያቋርጣል። ለትራንስፎርመር ቅርብ በሆነ ቤት ውስጥ ሾርት ሲፈጠር ከረንቱ በመቶዎች ሊቆጠር ይችላል። ያኔ መስታወቱ ይፈነዳል፤ ብልጭታውም ውስጡ ሊቀጥል ይችላል። 220 ቮልት በሚገባበት ቦታ ላይ ሴራሚኩን ግዙ። የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው።

አንድ ነገር አደራ። የተበጠሰ ፊውዝ ላይ የሲጋራ ብር ወረቀት ወይም የሽቦ ክር አትጠቅልሉ። ፊውዙ የተበጠሰው አንድ ነገር ሊነግራችሁ ነው። መጀመሪያ ስሙት።

ዕቃዬ የሚቃጠልብኝ መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው። ለምን?

አንደኛው ምክንያት ቀላል ነው። መብራት ሲመጣ የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ፓምፕና ምጣድ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሳል። ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ይወጣል፣ ይንቀጠቀጣል። የእናንተም መሣሪያ ውስጥ ያለው ባዶ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) በአንድ ጊዜ ለመሙላት ብዙ ከረንት ይጎትታል። ለዚህ መግቢያው ላይ ኤንቲሲ የተባለች ጥቁር ክብ ነገር ይገባል። ስትቀዘቅዝ 5 ወይም 10 ኦም ናት። ስትሞቅ ትለቃለች። ጉድለቷ ግን መብራቱ ጠፋ ብሎ ወዲያው ከመጣ ገና አልቀዘቀዘችምና አትረዳም።

ሁለተኛው ምክንያት ከባዱ ነው፤ የኒውትራል መላቀቅ። ፌዝ ኮረንቲ ያለበት ሽቦ ነው፤ ኒውትራል ደግሞ ከረንቱ የሚመለስበት። ይህ በራሴ ቤት ደርሷል። ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ አንድ ማታ አምፖሎቹ ከወትሮው በላይ ቦግ አሉ። እኔ «ዛሬ መብራቱ ጥሩ ነው» እያልኩ ሳለ ዲኮደሩ ጨሰ። ቀጥሎ ቴሌቪዥኑ። ጎረቤት ክፍል ደግሞ መብራቱ ድንግዝግዝ ብሎ ነበር። በማግስቱ ሲታይ ቆጣሪው ሳጥን ውስጥ የኒውትራሉ ብሎን ላልቶ፣ ሽቦው ጠቁሮ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግቢው የሚመገበው ከሦስት ፌዝ መስመር ነው። በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት አለ። እያንዳንዱ ክፍል 220 የሚያገኘው ኒውትራሉ መሃል ላይ አጥብቆ ስለያዘው ነው። ኒውትራሉ ሲለቅ የእናንተ ክፍልና የጎረቤት ክፍል በ380 ላይ በተከታታይ የታሰሩ ሁለት ጭነቶች ይሆናሉ። ጎረቤት ምጣድ ጥዶ ከሆነ፣ እናንተ ዘንድ ያለው ቴሌቪዥንና ቻርጀር ብቻ ከሆነ፣ ቮልቴጁ በሙሉ ለማለት ይቻላል ወደ እናንተ ይመጣል። ትንሽ የምትስበው ዕቃ ናት ብዙ የምትቀበለው።

380 ቮልት ኤሲ መሣሪያው ውስጥ ወደ ዲሲ ሲቀየር 537 ቮልት ይሆናል። ብዙዎቹ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ትልቁ ካፓሲተር የሚችለው 400 ነው። አናቱ አብጦ የሚፈነዳው ለዚህ ነው።

መፍትሔው የቤቱ ብሬከር ሳጥን ውስጥ ቮልቴጅ ፕሮቴክተር ማስገባት ነው። ቮልቴጁ ከተወሰነ ልክ ሲወጣ ወይም ሲወርድ ይቆርጣል። ሲስተካከል ደግሞ ቆይቶ ይመልሳል። ከላይ ወደ 250፣ ከታች ወደ 180 አድርጌ አስተካክለዋለሁ። መመለሻውን ፍሪጅ ካለ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ አደርጋለሁ፤ ኮምፕረሰሩ ግፊቱ ሳይወርድ መነሳት አይወድም። ስታቢላይዘር ጥሩ ነው፤ ግን የላይ መቁረጫ ከሌለው ለዚህ ችግር አትመኑት። ደግሞም አምፖል ከወትሮው በላይ ቦግ ሲል ካያችሁ አትደሰቱ። ሮጣችሁ ዋናውን ብሬከር አጥፉ።

ቫሪስተር አስገባሁ። በቃኝ?

ቫሪስተር ቮልቴጁ ከልኩ ሲያልፍ መምራት የሚጀምር ዕቃ ነው። የሚሆነው ለአጭር ብልጭታ ነው፤ ከመብረቅ ወይም ከሞተር ለሚመጣ የማይክሮሰከንድ ምት። ለ220 መስመር ላዩ ላይ 471 የሚል ቁጥር ያለውን እመርጣለሁ። ትርጉሙ 470 ቮልት ላይ መምራት ይጀምራል፣ ያለማቋረጥ ደግሞ 300 ቮልት ኤሲ ይችላል ማለት ነው። 431 የሚለው 275 ብቻ ይችላል። ቮልቴጁ ከፍ በሚልበት ሰፈር እሱ ጠባብ ነው።

ኒውትራል ሲለቅ ግን ቫሪስተሩ በየዙሩ ይመራል፣ ይግላል፣ በእሳት ሊያያዝም ይችላል። ስለዚህ ቦታው ሁልጊዜ ከፊውዙ በኋላ ነው። ከፊውዙ በፊት ካደረጋችሁት የሚያስቆመው የለም። ጠንቃቃ ሰው አጠገቡ የሙቀት ፊውዝ አስጠግቶ በአንድ ላይ ይሸፍናቸዋል። አጠገባቸው ፕላስቲክ ወይም እንጨት አይኑር።

ቫሪስተር በተመታ ቁጥር ያረጃል። ጠቁሮ ወይም ተሰንጥቆ ካያችሁት ቀይሩት።

ቤቴ ኧርዝ የለውም። ኒውትራሉን ከኧርዙ ጋር ባገናኘው?

በፍጹም። ኧርዝ የዕቃውን ብረት ከመሬት ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ነው። ኒውትራሉን ከእሱ ጋር ማያያዝን በሰው ቤት አይቼ ደንግጬ አውቃለሁ። ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራሉን ከኧርዝ ጋር ካያያዛችሁት፣ ኒውትራሉ የሆነ ቦታ የተበጠሰ ቀን የማጠቢያ ማሽኑ፣ የፍሪጁ፣ የምጣዱ ብረት በሙሉ ፌዝ ይሆናል። እጃችሁን ስታሳርፉ ኮረንቲ ይይዛችኋል። በሰውነት ውስጥ የሚያልፍ 10 ሚሊአምፔር ገደማ ጡንቻን ያኮማትራል፤ ሰውየው ልልቀቅ ቢል አይችልም። ከ30 በላይ ሆኖ ከቆየ ልብን ያሰጋል። አንድ ትንሽ ኤልኢዲ ከሚበራበት ከረንት ብዙም አይበልጥም።

ማድረግ ያለባችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ትክክለኛ የኧርዝ ዘንግ ባለሙያ ይትከል። ሁለተኛ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ አስገቡ። አርሲዲ በፌዝ የሄደው ከረንትና በኒውትራል የተመለሰው እኩል መሆኑን ይቆጣጠራል። ልዩነት ካለ በሆነ ሰው ወይም በሆነ ግድግዳ በኩል እየፈሰሰ ነው ማለት ነውና ይቆርጣል። ኧርዝ በሌለበት ቤትም ይሠራል። ልዩነቱ ኧርዝ ካለ ሰው ሳይነካው ነው የሚቆርጠው፤ ከሌለ ግን ሰው ከተነካ በኋላ ነው። በወር አንዴ የሙከራ ቁልፉን ተጫኑት።

ለምትሠሩት መሣሪያ ደግሞ ይህን አስታውሱ። የእኛ ሀገር ክብ ሁለት እግር ሶኬት ተገልብጦ ይሰካል። ፊውዙንና ማብሪያውን በፌዝ ላይ አደረግሁ ብላችሁ ብትተማመኑ፣ ሰውየው ገልብጦ ሲሰካው ኒውትራል ላይ ያርፋሉ። ማብሪያው ጠፍቶ ውስጡ ፌዝ አለ። ስለዚህ ሁለቱንም ሽቦ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ማብሪያ ተጠቀሙ። ሣጥኑ ብረት ከሆነ ኧርዙ ከሣጥኑ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ቀለሙን ፍቃችሁ።

ላፕቶፔ ቻርጅ ላይ ሲሆን ይነዝረኛል። አደጋ አለው?

ብዙ ጊዜ የለውም። ቻርጀሩ ውስጥ በ220ውና በውጤቱ መካከል ዋይ የሚባል ትንሽ ካፓሲተር አለ። ረብሻን ለመቀነስ የገባ ነው። በእሱ በኩል ከአንድ ሚሊአምፔር ብዙ ያነሰ ከረንት ያልፋል። ኧርዝ ካለው ሶኬት ላይ ስትሰኩት ብዙውን ጊዜ ይጠፋል።

አደጋው ካፓሲተሩ አስመሳይ ሲሆን ነው። እውነተኛው የዋይ ዓይነት ሲበላሽ ሾርት እንዳይሆን ተደርጎ የተሠራ ነው። ስትጠግኑ በእሱ ቦታ ተራ ካፓሲተር አታስገቡ። የሰው ሕይወት በዚያች ሰማያዊ ጠብታ ላይ ነው ያለው።

መፈልፈያዬን ማይክሮኮንትሮለር ይቆጣጠረዋል። ሌላ መከላከያ ለምን ያስፈልጋል?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። እንቁላል የሚፈልገው 37.5 ዲግሪ አካባቢ ነው። ኮዱ 37.7 ሲደርስ ያጠፋል። ጥሩ። ግን ሴንሰሩ ሽቦው ቢነቀልስ? አንዳንዱ ሲነቀል ዜሮ ያሳያል። ኮዱም «በጣም ቀዝቅዟል» ብሎ ማሞቂያውን አብርቶ ይተወዋል። ማይክሮኮንትሮለሩ ቢደነዝዝስ? ማሞቂያውን የሚያበራው ትራያክ ሾርት ሆኖ ቢበላሽስ? ትራያክ ሲበላሽ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው በርቶ እንደቀረ ነው። ያኔ ኮዱ የፈለገውን ቢል የሚሰማው የለም።

ስለዚህ ማሞቂያው መስመር ላይ ከኮዱ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መቁረጫ በተከታታይ ይግባ። በሙቀት የሚከፈት ትንሽ የብረት ቴርሞስታት ይሸጣል። እኔ 45 ዲግሪ የሚለውን ከእንቁላሎቹ በላይ አደርጋለሁ። አምፖሉ አጠገብ ደግሞ አንዴ ተበጥሶ የሚቀር የሙቀት ፊውዝ። የመጀመሪያው ጫጩቶቹን ላያድን ይችላል፤ ሁለቱ አንድ ላይ ግን ሣጥኑንና ቤቱን ያድናሉ። ሣጥኑ ከካርቶንና ከስፖንጅ የተሠራ ከሆነ ይህ ምርጫ አይደለም፣ ግዴታ ነው።

ኮዱ ውስጥም ሁለት ነገር ጨምሩ። ሴንሰሩ ከ10 በታች ወይም ከ60 በላይ ካሳየ «ተበላሽቷል» ብሎ ማሞቂያውን ያጥፋ። ዋችዶግ የሚባለውንም ሰዓት ቆጣሪ አብሩት፤ ፕሮግራሙ ሲደነዝዝ ራሱ ያስነሳዋል።

10 አምፔር የተጻፈበት ሪሌ ነው፤ ፓምፑ 6 አምፔር ነው የሚስበው። ለምን ተጣበቀ?

ሪሌ በትንሽ ከረንት የሚታዘዝ ማብሪያ ነው፤ ጥቅሉ (የሽቦ መጠምጠሚያው) ከረንት ሲያገኝ እግሮቹ ይገናኛሉ። 10 አምፔር የተባለው ለማሞቂያ ዓይነት ጭነት ነው። የአንድ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲነሳ ከሚሮጥበት አምስት፣ ስድስት እጥፍ ይስባል። 30 አምፔር ማለት ነው። በዚያች ቅጽበት የሪሌው እግሮች ነጥረው ይበየዳሉ። ከዚያ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራል። ሮቶው ሞልቶ ይፈሳል፣ ወይም ጉድጓዱ ደርቆ ሞተሩ ይቃጠላል።

ትንሹ ሪሌ የኮንታክተሩን (ለትልቅ ከረንት የተሠራ ትልቅ ሪሌ) ጥቅል ብቻ ያብራ። ፓምፑን ኮንታክተሩ ይሸከም። ከኮንታክተሩ ቀጥሎ በሞተሩ ልክ የተስተካከለ ኦቨርሎድ (ሞተሩ ከልክ በላይ ሲስብ የሚቆርጥ) ይግባ። የኮንታክተሩ ጥቅል ሲጠፋ የሚረጨውን ብልጭታ ለመዋጥ 100 ኦም ሬዚስተርና 0.1 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር በተከታታይ አድርጋችሁ ከትንሹ ሪሌ እግሮች ጋር ጎን ለጎን እሰሩ። ካፓሲተሩ ኤክስ2 የሚል ይሁን።

ሪሌ ላይ ዳዮድ ባላደርግስ?

ዳዮድ ከረንትን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ ነው። ባታደርጉት ዛሬ ይሠራል። ነገ ሪሌውን የሚያበራው ትራንዚስተር ይሞታል። በጥቅሉ ውስጥ የሚሄደው 30 ሚሊአምፔር በድንገት ሲቋረጥ ጥቅሉ መቶዎች ቮልት ይተፋል። ተራው ቢሲ547 ትራንዚስተር የሚችለው 45 ነው። 1ኤን4007 ወይም 1ኤን4148 ዳዮድ ከጥቅሉ ጋር ጎን ለጎን አድርጉ፤ ነጭ መስመሩ ወደ ፖዘቲቭ። የጥቂት ብር ነገር ነው።

ሰው ባትሪውን ገልብጦ ቢያስገባስ?

ያስገባል። ማታ፣ በስልክ መብራት፣ በችኮላ ይሆናል። ስለዚህ ከአሁኑ አስቡት።

ለትንሽ ከረንት በተከታታይ አንድ ሾትኪ ዳዮድ ይበቃል። ግማሽ ቮልት ገደማ ይበላል። 2 አምፔር ከሆነ ግን 1 ዋት ሙቀት ነው፤ ከባትሪም የሚባክን ነው። ያኔ ፒ-ቻናል ሞስፌት ይሻላል፤ የትራንዚስተር ዓይነት ነው፣ ሦስት እግሮቹ ድሬን፣ ሶርስና ጌት ይባላሉ። ድሬኑ ወደ ባትሪ፣ ሶርሱ ወደ ሰርኪቱ፣ ጌቱ በሬዚስተር ወደ ኔጋቲቭ። ብዙ ሰው ድሬንና ሶርስን ተቃራኒ ያደርጋል፤ ያኔ ውስጡ ያለው ዳዮድ ሲገለበጥም ያሳልፋል። ውስጣዊ ተቃውሞው 50 ሚሊኦም ቢሆን በ2 አምፔር የሚባክነው 0.2 ዋት ብቻ ነው። ከ12 ቮልት በላይ ከሆናችሁ በጌትና በሶርስ መካከል 12 ቮልት ዜነር ዳዮድ ጨምሩ።

የመኪና 12 ቮልት ላይ የማገናኘው ዕቃ ለምን ቶሎ ይሞታል?

የመኪና 12 ቮልት 12 ስላልሆነ። ሞተሩ ሲሠራ 14 ገደማ ነው። ባትሪው ሲሞት ከጭነት መኪና ተውሰው ሲያስነሱት 24 ይገባል። ዳይናሞው እየሞላ ሳለ የባትሪው ገመድ ከለቀቀ፣ መከላከያ በሌለው ዳይናሞ ላይ ከ79 እስከ 101 ቮልት ሊወጣ እንደሚችል አይኤስኦ 16750-2 የተባለው ደረጃ ያስቀምጣል። ቮልቴጅ ከሚያወርዱት ሬጉሌተሮች 7805 የሚችለው 35 ነው። ኤልኤም2596 ደግሞ 40።

የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ ፊውዝ፣ ባትሪው አጠገብ። ቀጥሎ የመገልበጥ መከላከያ። ቀጥሎ ቲቪኤስ ዳዮድ፣ ድንገተኛ የቮልቴጅ ምትን የሚውጥ። መጨረሻ ላይ 60 ቮልት የሚችል ሬጉሌተር። ቲቪኤስ ስትገዙ ስሙን በደንብ አንብቡ። ኤስኤምቢጄ24ኤ ላይ ያለው 24 ሳይመራ በሰላም የሚቆምበት ነው፤ ሲመታ እስከ 38.9 ይወጣል። ፒ6ኬኢ24 ላይ ያለው 24 ግን መምራት የሚጀምርበት ነው። አንድ ቁጥር፣ ሁለት ትርጉም። ትንሹ ቲቪኤስ ያንን ትልቁን ምት ብቻውን አይችልም፤ በአሮጌ መኪና ላይ ወፍራሙን ምረጡ።

ቦርድ ላይ በ220ውና በ5 ቮልቱ መካከል ስንት ሚሊሜትር ልተው?

ከ6 አታንሱ። 8 ብታደርጉት ማታ በሰላም ትተኛላችሁ። ቦታ ከጠበባችሁ መሃሉን በመጋዝ ሰንጥቁት፤ አቧራና እርጥበት በቦርዱ ላይ የሚሠራው መንገድ ይረዝማል። በዚያ ክፍተት ላይ መዳብ፣ ጽሑፍ፣ ብሎን፣ ምንም አይለፍ።

እዚህ ላይ የእኛ ሀገር ጉዳይ አለ፤ በጣም ይቆጨኛል፣ የሚያነሳው ሰው ጥቂት ነው። ብዙ የደህንነት ደረጃዎች ርቀቱን የሚያሰሉት እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። አዲስ አበባ ወደ 2400 ሜትር ናት። ደብረ ብርሃን ወደ 2800። አየሩ ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ይዘላል። አይኢሲ 60664-1 በአየር ውስጥ ያለው ክፍተት በ3000 ሜትር በ1.14 እንዲባዛ ይላል። አንዳንድ የቻይና ቻርጀር ላይ የተራራ ምስልና «2000 ሜትር» የሚል ምልክት አይታችሁ ይሆናል፤ ነገሩ ይህ ነው። ለድሬዳዋ የሚበቃ ክፍተት ለደብረ ብርሃን ጠባብ ሊሆን ይችላል።

የሳሳ አየር ሙቀትም በደንብ አይወስድም። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ስለዚህ ብርዱን አይታችሁ ማቀዝቀዣ ብረቱን አታሳንሱ።

ትራንስፎርመር ሳልጠቀም በካፓሲተር 220ን ወደ 5 ባወርደው?

ሰው የሚነካው ነገር ካለው አይሆንም። 5 ቮልት ያነባል፤ ግን ያ 5 ቮልት 220 ላይ ተቀምጦ ነው። ቁልፍ፣ የዩኤስቢ ቀዳዳ፣ የሴንሰር ሽቦ፣ ሁሉም ይገድላል። ኮምፒውተራችሁን ሰክታችሁ ኮድ ልጫንበት ካላችሁ ደግሞ ኮምፒውተሩም አብሮ ይሄዳል። የታሸገ 5 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ግዙ።

ከአሮጌ ላፕቶፕ ያወጣኋቸው የሊቲየም ባትሪዎች ደህና ናቸው?

ከተለኩ ሊሆኑ ይችላሉ። ከ2 ቮልት በታች ወርዶ የቆየውን ጣሉት፤ ለማስነሳት አትሞክሩ። ሙሉ ሲሆን 4.2 ነው፣ ከዚያ አይለፍ። ሁለት ባትሪ ጎን ለጎን ከማሰራችሁ በፊት ቮልቴጃቸውን አቻችሉ፤ አለበለዚያ የሞላው ባዶው ላይ ያፈሳል።

ቲፒ4056 የምትባለው የቻርጀር ቦርድ ሁለት ዓይነት ናት። አንዷ መከላከያ አይሲ አላት፣ አንዷ የላትም። መከላከያ ያላትን፣ በእንግሊዝኛ «አውት» (ውጤት) የሚል ቀዳዳ ያላትን ግዙ። ከፋብሪካ ስትመጣ 1 አምፔር እንድትሰጥ ተደርጋ ነው፤ ለትንሽ ባትሪ ብዙ ነው፣ ሬዚስተሯን ቀይሩ።

ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው የባትሪው ቆርቆሮ በሙሉ ኔጋቲቭ መሆኑን ነው። ፖዘቲቩ አናት ላይ ያለችው ቁልፍ ብቻ ናት፤ ከቆርቆሮው ጠርዝ ያላት ርቀት ከአንድ ሚሊሜትር ብዙ አይበልጥም። ላስቲኩ ከተቀደደ ሾርቱ እዚያው ነው። የወረቀት ቀለበቷን አልብሷት። በቀጥታ ባትሪው ላይ አትበይዱ። ቻርጅ ስታደርጉ አልጋ ላይ ሳይሆን ሴራሚክ ላይ፣ እናንተ ነቅታችሁ።

ከአሜሪካ የተላከልኝን ዕቃ ልሰካው?

መጀመሪያ ጀርባውን አንብቡ። «100-240» ካለ መሰኪያ ቀይራችሁ ተጠቀሙ። «120» ብቻ ካለ ማውረጃ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ሞተር ያለው ከሆነ ትራንስፎርመር ቢኖርም 60 ኸርዝ ስለለመደ እዚህ ዝግ ይላል፣ ይሞቃልም። ከሳዑዲ የመጣው ቮልቴጁ ሊስማማ ይችላል፣ ጀርባውን አንብቡ፤ ኸርዙ ግን እዚያም 60 ነው።

በጣም የማስጠነቅቀው የአሜሪካን ዲቫይደር ነው። ዘመድ በሻንጣ ይዞት ይመጣል፣ ጠንካራ ይመስላል። ውስጡ ግን ለ120 ቮልት የተመረጠ ቫሪስተር አለ። 220 ላይ በተሰካ ቅጽበት ይመራል፣ ይጨሳል፣ ሊነድም ይችላል። ምንም ዕቃ ባይሰካበትም።

ሠርቼ ጨረስኩ። መጀመሪያ እንዴት ልሰካው?

በአምፖል በኩል። የ60 ወይም የ100 ዋት የክር አምፖል በተከታታይ አስገቡ። ኤልኢዲ አይሆንም። ሾርት ካለ አምፖሉ በሙሉ ብርሃን ይበራል፣ ቦርዳችሁም ይተርፋል። ቦግ ብሎ ከደበዘዘ ካፓሲተሩ ሞልቷል ማለት ነው፤ ቀጥሉ።

አንድ እጅ ኪስ ውስጥ ይሁን። ጫማ ይኑራችሁ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ይኑር፣ ዋናው ብሬከር የት እንዳለም አሳዩት።

ስትነቅሉት ደግሞ አልጠፋም። ትልቁ ካፓሲተር 311 ቮልት ይዞ ይቀመጣል። እኔ ተማሪ እያለሁ ነቅዬዋለሁ ብዬ ነክቼው ክንዴ ለሁለት ቀን ደንዝዞ ነበር። በመፍቻ ሾርት አታድርጉት፤ ብልጭታው ዓይን ይጎዳል። 10 ኪሎኦም፣ 5 ዋት ሬዚስተር በሁለት የተሸፈኑ ሽቦዎች ላይ አስራችሁ ነካ አድርጉት፣ አሥር ሰከንድ ያዙት። ከዚያ በመልቲሜትር ለኩት። ዜሮ ሲል ብቻ እጃችሁን አስገቡ።